የታመመ ቁም ሳጥን

አገር ቤት ያላችሁ ወገኖቼ ስለ ስዊዘርላንድ የምታውቁት ሰዓቱን፣ ቸኮላታውንና ባንኩን ነው። ቁም ሳጥኑን አታውቁትም። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ስንት ዓመት ጄኔቭ ኖሬ አላውቀውም ነበር። በዚህ አገር ከሰው ይልቅ ቁም ሳጥን የተሻለ ሕክምና እንደሚያገኝ የገባኝ እትዬ አስካለ የታመሙ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ኦ ቪቭ በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር አንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ ያበስላሉ። ዲፕሎማቱ የየት አገር እንደሆነ አልናገርም፤ ሁለት መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ታረቁ ተብሎ በጋዜጣ በወጣ ቁጥር ግን እኔ የማመሰግነው የእትዬ አስካለን ድስት ነው። እኔ ደግሞ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። እናቴ ለጎረቤቶቿ «ልጄ የዓለምን ጉዳይ ይመራል» ትላለች። እውነቷን ነው። ጉዳዩን ከነፋይሉ በጋሪ ጭኜ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ፎቅ እየመራሁ አደርሰዋለሁ።

እሳቸው ጴንጤ ናቸው። እኔ ምን እንደሆንኩ እስካሁን አልተወሰነም። እሑድ እሑድ ከጉባኤያቸው ሲመለሱ ላንሲ ሰፈር እቤታቸው እሄዳለሁ፤ ጌታን እንድቀበል ይመክሩኛል፤ እኔ ሁለተኛ ሳህን እቀበላለሁ። በዚህ ዓይነት ለዓመታት ተስማምተን ኖረናል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ እትዬ አስካለ ታመሙ። ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም በፈረንሳይኛ ሲጠሩት ሽቶ ይመስላል። በአማርኛ ግን ማንም አልጠራውም፤ «ያ ነገር» ተብሎ ቀረ። ሕክምናው ተጀመረ። የሚወጉት መድኃኒት በሽታውንም የምግብ ፍላጎታቸውንም አብሮ ይገድል ጀመር። ስንቱን ሲያበሉ የኖሩ ሴት ውሃ እንኳ አልቀመስ አላቸው። የሽንኩርት ሽታ ሲመጣ መስኮት ይከፍታሉ፤ ለእሳቸው ሽንኩርት መጥላት ማለት ለዓሣ ውሃ መጥላት ነው። እኔም አብሬያቸው ከሳሁ። «ሐዘኔታ ነው» አሉ ሰዎች። ግማሹ ሐዘኔታ ነበር፤ ግማሹ የእሑድ ምሳ መቅረቱ ነው።

አንድ ቀን አስተርጓሚ ሆኜ ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ አስካለ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ ስለ ማንኪያ ማንም አይቀድማቸውም፤ ስለ ጉበት ግን የሚያውቁት አጠባበሱን ብቻ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግነት አለ።

«ክብደታቸው እየወረደ ነው» አለችኝ። «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ከዚህ ከወረደ ሕክምናውን ማቋረጥ አለብን። ሰውነታቸው አይችለውም።»

«ቢቋረጥስ?» አልኳት።

ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች። እኔም መልሱን ለእትዬ አስካለ አልተረጎምኩም። እሳቸው ግን ፊቷን አይተው ተርጉመውት ኖሮ «ጌታ ያውቃል» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጀርባዋን ሰጠችን።

«አንድ ተክል አለ» አለች ለመስኮቱ። «ማቅለሽለሹን አስታገሰልን፣ ምግብ አስበላን የሚሉ በሽተኞች አሉኝ። ሕጉ እንዳዝ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ አላዘዝኩም። ዙሪክ ውስጥ የሽታ ትራስ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ይህንንም አልነገርኩህም።»

«ምን አለች?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ምንም አላለችም» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቃል በቃል ተርጉሜ አላውቅም።

ተክሉ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ካናቢስ ነው። እኛ ሐሺሽ የምንለው። ሕጉን ግን ለማወቅ ሊቅም አይበቃም። እየጠየቅሁ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ተክሉን ማብቀል ይቻላል፤ ለመስከር ካሰቡት አይቻልም። መሸጥ ይቻላል፤ ገዢው ለምን እንደፈለገው ካወቁ አይቻልም። ማሽተት ይቻላል፤ ሽታው ካሻላችሁ ግን ነገሩ አጠራጣሪ ነው። ሐኪም ለበሽተኛ አያዝም። ባለ ሱቅ ግን በጨርቅ ትራስ ሰፍቶ ለቁም ሳጥን ይሸጣል፣ ልብስ ጥሩ ጥሩ እንዲሸት። በዚያ ላይ ካንቶኑ፣ ማለት ክፍለ አገሩ፣ ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው፤ የጄኔቭ ፖሊስ ሽታ ሲሸተው ይነስረዋል፣ ዙሪክ በዚያን ጊዜ ላላ ያለ ነበር። ባጭሩ በዚህ አገር ሕግ ካናቢስ እንዲወስድ የተፈቀደለት አንድ ፍጡር ቁም ሳጥን ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዙሪክ ወረድኩ። ዜባህ በሚባለው ሰፈር ወንድም ጌቱ አለ። ወንድም ጌቱ ትራም ያጥባል፤ ከእትዬ አስካለ ጋር በአንድ እምነት ናቸው፤ ጀርመንኛ እንደ ውሃ ይጠጣል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ አይዋሽም። ሥራ ሲቀጠር አለቃው «ትራም ማጠብ ትወዳለህ?» ቢለው «አልወድም፤ ግን አጸዳለሁ» ብሎ ነው የገባው። እንግዲህ ይህን ሰው ነው ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አድርጌ ይዤ የሄድኩት። ሞኝ ሲመክር እንዲህ ነው።

ሱቁን ስናገኘው እኔ የጠበቅሁት ጨለማ ጉድጓድ አልነበረም። መስኮቱ የተወለወለ፣ አበባ በሸክላ የተደረደረበት፣ ሻይና ሳሙና የሚሸጥ ንጹሕ ቤት ነው። ባለ ሱቁ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ በእጅ የተሠራ ሹራብ የለበሰ፣ የገዳም አባት የሚመስል ሰው ነው።

«ግሩኤትሲ» አለን በዙሪክ ሰላምታ። «ምን ልታዘዝ?»

እስቲ ፍረዱኝ። አገራችን ሰው ለበሽተኛ መድኃኒት ሊፈልግ ሲሄድ ምን ያደርጋል? የታመመው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን ቀምሶ ምን እንደመለሰ ዘርዝሮ ይናገራል። መድኃኒት አዋቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል፤ አንድ እፍኝ ጨምሮ ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ያሳደጉን ሰዎች ስዊዘርላንድ መጥተው አያውቁም።

ጀመርኩ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ወንድም ጌቱ በጀርመንኛ ያስከትላል።

«የመጣነው ለአንዲት በጣም ለታመሙ ሴት ነው። እናቴ ማለት ናቸው» አልኩ።

ጌቱ ዞር ብሎ «ወለዱህ እንዴ?» አለኝ።

«አልወለዱኝም። እንደ እናት ናቸው ለማለት ነው።»

«እንደ እናት» ብሎ አስተካክሎ ተረጎመ።

ቀጠልኩ። ስለ ሕክምናው ነገርኩት። ስለ ማቅለሽለሹ፣ ሽንኩርት ስለ መጥላታቸው፣ ሐኪሟ መስኮት ላይ ቆማ ስላለችው። ዕንባዬ መጣ። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ቀጥሎ ቀላ፤ ቀጥሎ ነጣ፤ «ኬሞ» የምትለው ቃል ላይ ስንደርስ ሁለት እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ ጫነ።

«በቃ! በቃ! ይህን አልሰማሁም!» አለ። «ሰው ሊወስደው ነው ካላችሁኝ መሸጥ አልችልም። ሱቄን ያሽጉብኛል። ይህ ትራስ ለቁም ሳጥን ነው።»

«ሰው ታሞ ነው እኮ!» አልኩት።

«ችግሩ እሱ ነው» አለኝ። በሩን ከፍቶ በትሕትና አስወጣን። በትሕትና መባረር ከፈለጋችሁ ዙሪክ ሂዱ።

የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመን ወንድም ጌቱን እለምን ጀመር።

«ለቁም ሳጥን ነው በለው። አንዲት ቃል ናት።»

«አልዋሽም።»

«ለእትዬ አስካለ ሕይወት ነው እኮ።»

«ለእትዬ አስካለ ሕይወት እጸልያለሁ። አልዋሽም።»

ትራም መጣ፤ ትራም ሄደ። ጌቱ የትራሙን መስታወት ዓይቶ «የኛ ዴፖ አይደለም ያጠበው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ አስካለ ቁም ሳጥን አላቸው?» አለኝ።

«አላቸው።»

«ሽታው እንዴት ነው?»

«ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል።»

«እንግዲያው ለቁም ሳጥናቸው ትራስ ያስፈልጋል። ይህ ውሸት አይደለም። ግን የእውነት ቁም ሳጥን ውስጥ ታስገባዋለህ። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ። ተመልሰን ገባን። ባለ ሱቁ በሕይወቱ አይቶን እንደማያውቅ ሁሉ «ግሩኤትሲ፤ ምን ልታዘዝ?» አለን።

«ለቁም ሳጥን የሽታ ትራስ እንፈልጋለን» አለ ጌቱ፣ በእውነተኛ ሰው ድምፅ።

የባለ ሱቁ ፊት በራ። «ቁም ሳጥኑ ትልቅ ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ አፍ ግን መቼ ያርፋል? «መካከለኛ ነው» አልኩ፤ «ሰሞኑን ግን በጣም ከስቷል።»

ጌቱ «ይህን አልተረጉምም» አለ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ባለ ሱቁ ዓይኔን አይቶ ሳይተረጎምለት ገባው። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና ያነሳውን ትንሽ ትራስ መልሶ ከላይኛው መደርደሪያ ጠና ያለውን አወረደ። «ለከሱ ቁም ሳጥኖች ይኼኛው ይሻላል» አለ። አበባ ያለበት ጨርቅ ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ተሰፍታበታለች። ወንድም ጌቱ አነበበልኝ፦ ለማሽተት ብቻ፣ አይከፈትም፣ ለምግብነት አይውልም፣ ለቁም ሳጥን ነው።

ጌቱ ባዶ እጄን አልሰደደኝም። ሰሞኑን ከአገር ቤት የመጣለትን ሽሮ ለእትዬ አስካለ ብሎ በከረጢት ሰጠኝ። ትራሱን ከሽሮው ጋር ከረጢት ውስጥ ጨመርኩና ባቡር ላይ ወጣሁ። እስከ ፍሪቡርግ ድረስ ጨዋ መንገደኛ ነበርኩ። ከዚያ የባቡሩ ማስታወቂያ ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ ሲለወጥ ላብ አጠመቀኝ፤ አሁን እንግዲህ ሕጉም ጠባዩን ሊለውጥ ነው። ቲኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ አፍንጫውን አንዴ ሳበ። ምን እንዳሸተተ ሳይጠይቀኝ «ሽሮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ቲኬት ነበር የሚፈልገው።

ላንሲ ደርሼ ትራሱን ለእትዬ አስካለ ሰጠሁ። ምን እንደሆነም ነገርኳቸው፤ ለእሳቸው መዋሸት አይሆንልኝም፤ ዓይናቸው ገና ሳይጠይቅ መልስ ይቀበላል።

«ሐሺሽ!» አሉ። «በኔ ቤት? የመኖሪያ ፔርሚዬን ልታስነጥቀኝ ነው?»

«በሕግ የተፈቀደ ነው እትዬ። ለማሽተት ነው።»

«ምን ይላል ጽሑፉ? ሳትጨምር ሳትቀንስ።»

«ለማሽተት ብቻ። አይከፈትም። ለምግብነት አይውልም። ለቁም ሳጥን ነው።»

አሰቡ። «እኔ በዚህ አገር ቀይ መብራት ተሻግሬ አላውቅም» አሉ። «ሕጉ አሽትቺ ካለ አሸታለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እንዳትነካው።»

ትራሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ለወንድም ጌቱ የገባሁት ቃል ተፈጸመ። በዚያ ሰሞን በመላው ስዊዘርላንድ ያንን ትራስ ልክ እንደ ጽሑፉ የሚጠቀሙበት ሰው እትዬ አስካለ ብቻ እንደነበሩ ብምል አያስኮንነኝም። ጠዋት ተነስተው ቁም ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ ያሸታሉ፤ «ተመስገን» ይላሉ፤ ይዘጋሉ። ምግብ ግን የለም። የተለወጠው ልብሳቸው ብቻ ነው። ጉባኤ ሲሄዱ አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ስዊስ ሽማግሌ አምልኮው እስኪያልቅ አጥብቀው ሲተነፍሱ ነበር አሉ፤ በሳምንቱም ያቺኑ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ግን ይብስ ከሱ። ቀጠሮው ቀረበ። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ሲያስቸግራቸው አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ትራም ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ይህም የአገሩ ትሕትና ነው።

አሁን እህት ብዙነሽ ትምጣ። እህት ብዙነሽ የጉባኤው የጠያቂዎች አለቃ ናት። አንድ ሰው ታመመ ከተባለ ሰው ሰብስባ ትመጣለች፤ ታስዘምራለች፣ ትጸልያለች፣ ታበስላለች፣ መጋረጃ ታጥባለች። በሽተኛው የሚድነው ግማሹ በጸሎቱ ነው፣ ግማሹ እሷ እንድትሄድለት ነው። በዚያ ቅዳሜ ሁለት እህቶችንና ጋሽ ታደሰ የሚባሉትን የጉባኤ ሽማግሌ አስከትላ ላንሲ ገባች። እኔ ተረኛ ሆኜ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የዓለምን ጉዳይ ስገፋ። የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት።

እትዬ አስካለ ተኝተዋል። እህት ብዙነሽ ብርድ ልብስ ላውጣላቸው ብላ ቁም ሳጥኑን ትከፍታለች። ሽታው ይቀበላታል። ትራሱ ይወድቃል። አንስታ ትዳብሰዋለች፤ ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ደረቅ ቅጠል! ወጥ ቤት ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ሽሮ ተቀምጧል። እንግዲህ አንዲት አበሻ ሴት ከሽሮ ጋር የመጣ፣ በጨርቅ የተሰፋ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቀ ሽታ ያለው ደረቅ ቅጠል ስታገኝ ምን ብላ ታስባለች? ለብዙነሽ መልሱ አንድ ነው። ለቅቤ ማንጠሪያ የመጣ ኮሰረት።

ስፌቱን በጥንቃቄ ፈታችው። ክርክር ተነሳ። አንዷ እህት «ጦስኝ ነው» አለች፤ ሌላዋ «በሶብላ ቢሆንስ?» አለች፤ ጋሽ ታደሰ አሽትተው «ኮሰረት ነው፤ ብቻ ቆይቷል» አሉ። በመጨረሻ እንደ ስዊዘርላንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጡበት። ኮሰረት በአብላጫ ድምፅ አሸነፈ። ብዙነሽም «የበሽተኛ ጉልበት የሚመለሰው በገንፎ ነው» ብላ ቅቤውን እሳት ላይ ጣደች፣ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀውን ቅጠልም ጨመረች።

እኔ ስደርስ ገንፎው መሐል ላይ ቀርቦ ሁሉም ከቦታል። እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ያያሉ፤ ለወጉ ያህል በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ቀምሰው ትተውታል። ሥራ የዋለ ሰው ነኝ፤ ሳልጠይቅ ገባሁበት። ቅቤው ግሩም ነበር። ጣቴን ሁሉ ላስኩ።

«እህት ብዙነሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ይህን የመሰለ ኮሰረት ከየት አገኘሽ?»

«እትዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቀውት» አለች። «በአበባ ትራስ ሰፍተው! ለእኛ ሰስተው እኮ ነው!»

ማንኪያዬ ወደቀ። ገንፎው ግን አልወደቀም፤ ቀድሞ ሆዴ ገብቷል። ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? የወንጌል ሰዎችን «ሐሺሽ በልታችኋል» ልበላቸው? አፌን መልሼ ዘጋሁ፤ ያቺ ዝም አይነቅዝም የምትባለዋ ምክር ያን ዕለት ገና ደረሰችልኝ።

ለጊዜው ምንም አልሆነም። ጋሽ ታደሰ «እንግዲህ ጸልየን እንነሳ» ብለው ቆሙ። ስዊዘርላንድን እንዲባርክ ጌታን ለመኑ። ከዚያ ካንቶኖቹን በየስማቸው እንዲባርክ ይጠሩ ጀመር። ጄኔቭን ጠሩ፣ ቮን ጠሩ፣ በርንን ጠሩ። አፐንዜል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «አፐንዜል» አሉ እንደገና፤ ቃሉን እያጣጣሙ። አንዷ እህት ፍርፍር ብላ ሳቀች። ጋሽ ታደሰ የት እንደደረሱ ጠፋቸው፤ ከጄኔቭ እንደገና ጀመሩ። ብዙነሽ በበኩሏ ማንኪያ ይዛ ታያለች።

«ማንኪያ ግን» አለች፤ «ሆድ አላት፣ አንገት አላት... ፊት የላትም። አታሳዝንም?»

እኔ መሳቅ የለብኝም። እኔ ነገሩን የማውቅ ብቸኛ ኃላፊ ነኝ። ግን ማንኪያዋ እውነትም ታሳዝን ነበር። ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ፈርቼ ሳቅሁ፤ ፖሊስ በሩን አሁን አንኳኳ እያልኩ ሳቅሁ። ጋሽ ታደሰ ለሁለተኛ ጊዜ አፐንዜል ደረሱና ተቀመጡ።

በዚህ መሐል ከሶፋው ሌላ ጫፍ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ገንፎው ተርፏል?»

ሁላችንም ዞርን። እትዬ አስካለ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ያቺ በማንኪያ ጫፍ የቀመሷት ጊዜዋን ጠብቃ ሠርታለች። ብዙነሽ ሳህኑን አስጠጋችላቸው። አንዴ ጎረሱ። ጠበቅን። መስኮት አልከፈቱም፤ አፋቸውን በነጠላ አልያዙም። ደገሙ። ሠለሱ። ከዚያ ማንኪያውን ጥለው በእጃቸው ገቡበት፤ ሲጨርሱ ዳር ዳሩን በጣታቸው ጠረጉና «በርበሬው አንሷል» አሉ።

እትዬ አስካለ በርበሬ አነሰ አሉ! ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሳቀውና ያለቀሰው ማን እንደነበር መለየት አይቻልም። እኔ ግን ያለቀስኩት በገንፎው ኃይል እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ብዙነሽ የተረፈውን ቅቤ በጠርሙስ አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ ትታ ሄደች። በማግስቱ እትዬ አስካለ አስጠሩኝ። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ፣ ባዶው ጨርቅ ጎኑ ላይ ተቀምጧል። ሕግ አክባሪዋ ሴት ከነሙሉ ክብራቸው ከወዲያ ማዶ ተሰይመዋል።

«ጽሑፉን ድገምልኝ» አሉ።

«አይከፈትም» አልኩ።

«እኔ ከፍቻለሁ?»

«አልከፈቱም። ተኝተው ነበር።»

«ለምግብነት አይውልም ብሏል። ብዙነሽስ ጽሑፉን አይታለች?»

«ጀርመንኛ አታነብም።»

ባዶውን ጨርቅ አጣጥፈው ወደ ጎን አደረጉት። «ብዙነሽ በንጹሕ ልብ ያነጠረችልኝን ቅቤ መድፋት ግን ነውር ነው» አሉና ጠርሙሱን አንስተው ወደ ፍሪጁ መለሱት። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ እያሉ ቅቤ ቀመሱ። ለማንም አልዋሹም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ቀጠሮው ቀን ሚዛን ላይ ወጡ። ሐኪሟ ቁጥሩን አየችው፤ አስወርዳ እንደገና አስወጣቻቸው። ጨምረዋል።

«ሕክምናው ይቀጥላል» አለች። «ምን በልተው ነው?»

እኔ ለመተርጎም ስንተባተብ እትዬ አስካለ ቀደሙኝ። በወጥ ቤት ፈረንሳይኛቸው «በር» አሉ፤ ቅቤ ማለታቸው ነው።

ሐኪሟ ተነስታ ወደ መስኮቷ ሄደች። «ምን ዓይነት ቅቤ እንደሆነ አልጠየቅሁም» አለች።

እህት ብዙነሽ በበኩሏ ዝናዋ ናኘ። አገር ቤት ጽፋ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ኮሰረት አስመጣች፤ ለታመመው ሁሉ ታነጥራለች። ያኛው ገንፎ ያሳቀውን ያህል የሚያስቅ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። «ያን ዕለት መንፈሱ ነበር» ትላለች። እኔ ከማንም ጋር በሃይማኖት አልከራከርም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ ናቸው። ገና ግማሽ ሕክምና ይቀራቸዋል፤ ብዙነሽ የተወችው ጠርሙስ ካለቀ ሰነባብቷል። ድምፃቸው ደክሟል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ብርዱ አወራን። ቀይ መብራት ተሻግረው የማያውቁ ሴት ናቸው፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ሲያዩ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

«ስማ» አሉኝ በመጨረሻ። «ቁም ሳጥኔን አሞታል።»

ቀጥ አልኩ። «ምኑን ነው የሚያመው እትዬ?»

«እህል አልቀመስ ብሎታል።»

የዚያን ቅዳሜ ዙሪክ ነበርኩ። ወንድም ጌቱን ከዜባህ ይዤው ወደዚያው ሱቅ ሄድን። ባለ ሱቁ ያው ሹራብ፣ ያው ጢም ነው። ሲያየን ለየን። በዚህ አገር ሕግ አንድን ደንበኛ ስለ ጤና መጠየቅ አይችልም። እጆቹን ሹራቡ ላይ ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ቁም ሳጥን» አለ፤ «ያ የከሳው... እንዴት ሆነ?»

ጌቱ ተረጎመልኝ። «በላ በለው» አልኩት።

ጌቱ ፊቴን አየ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። በላ። በርበሬ አነሰ ብሎ ሁሉ ተቆጣ። አሁን ግን እንደገና ተዘጋበት።»

ወንድም ጌቱ፣ ያ የማይዋሽ ሰው፣ ደረቱን ነፍቶ ሁሉንም ቃል በቃል ተረጎመ፤ በርበሬዋን እንኳ አልተዋትም። ባለ ሱቁ ጀርባውን ሰጠን። ትራስ ለማውረድ መሰለኝ፤ ግን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እጁን አሳርፎ ቆየ።

«ይህን አልሰማሁም» አለ። ድምፁ ግን የሰማ ሰው ድምፅ ነበር።